ሆድ ያለው ሸራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2002

ሦስት የመኪና ሸራ ጨረስኩ። ሁለቱ አዲስ፣ አንዱ ጥገና። ሙቀቱ በረድ ብሏል ይላሉ... የት ነው የበረደው? ማሽኑ ላይ ጎንበስ ስል ላቡ አሁንም አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ነው።

ዛሬም አንድ ሾፌር "ካርቲየ 6 ሰፈር ላይ እንዳንተ ሸራ የሚወጥር የለም" አለኝ። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው ያለው። ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ ከመጣሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ጭነት ላይ ሲታሰር የማይጨማደድ፣ የማያብጥ፣ ነፋስ የማይገባበት ሸራ እሰፋለሁ። በቃ።

ሳብሪን ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋች። ጀልባ። ደግሞ ጀልባ... ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን፣ በሁለት ቱቦ የተያያዙ፣ መሃላቸው የተወጠረ መቀመጫ። ካታማራን ነው ስሙ። ባለቤቴ ናዒማ "ወረቀቱን አንሺ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ" አለቻት። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ንድፍ ተማረች፣ ሁለት ዓመት አንድ ፈረንሳዊ ዘንድ ጀልባ ስትጠግን ቆየች፣ ሰውየው አገሩ ሲገባ እቤት ቁጭ አለች። ወንድሜ ከይረዲን ነፃ ቀጠናው ውስጥ አንድ መጋዘን ቢሮ ቦታ አግኝቶላታል። ወንበር አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ዘይድ እቤት መጣ። የነጋዴ ልጅ ነው፣ አባቱን ሐረር አውቃቸው ነበር። ጋቦዴ ባሕሩ ዳር ምግብ ቤት ከፍቷል። "ጋሽ ሙጠሊብ፣ ሰው ይበላል፣ ባሕሩን ያያል፣ ይሄዳል። ትንሽ የሚያንሸራሽር ነገር እፈልጋለሁ። ሞተር የማይጮህበት፣ ቤተሰብ የሚወጣበት።" ለካ ከልጄ ጋር ቀድመው ተነጋግረዋል። የመጨረሻው ሰሚ እኔ ነኝ።

እሱ ሲሄድ ሳብሪንን አስቀመጥኳት። እስከ ኅዳር መጨረሻ አልኳት። ጀልባው ከሄደ ሥራሽ ነው፣ አፌን አልከፍትም። ካልሄደ አጎትሽ ያገኘልሽ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። "እሺ አባ" አለች። እሺ ብቻ። ቶሎ እሺ ማለቷ ነው ያላማረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ከጁምዓ በኋላ ጋቦዴ ወሰደችኝ። ባሕሩ ሸሽቷል። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ እዚህም እዚያም ስል ድንጋይ። "አየህ አባ? ሆዱ ጠልቆ የሚሄድ ጀልባ እዚህ ይሰበራል።" የሷ ከሥሩ ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለውም። ሁለቱን ቀጫጭን ጀልባዎች እግር ትላቸዋለች። የውጪ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ የውስጥ ጎናቸው የጎበጠ፤ ነፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋቸው ነው አለች። ርዝመቱ አራት ሜትር ከሃያ፣ ስፋቱ ሁለት ከአሥር። ስፋቱ ለምን ይህን ያህል? "ዳር ዳሩን ብትቀመጡም እንዳይገለበጥ።" ክብደቱስ? "ሁለት ሴቶች ጎትተው ከውሃ የሚያወጡት።" ሽቲ፣ ያንን ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ የለበሰች ሴት ማንም ሳይደግፋት ወጥታ የምትቀመጥበት... ይህንን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ።

ስታወራ እጇ አያርፍም። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ታወራ ይሆን? እንጃ። ቢሆንም ወንበር ወንበር ነው። እኔ ዕድሜዬን በላብ ጨረስኩት፣ እሷ እንኳ ብርድ ብርድ ይበላት።

እሑድ፣ ጥቅምት 22

ባፈና ሥራ ጀመረ። የመናዊ ነው፣ የአሳ ወደቡ ላይ ከአባቱ ጀምሮ ጀልባ ሠሪ። ንድፉን አዙሮ አየው፣ ገልብጦ አየው፣ በዓረብኛ አጉረመረመ። "ያ ሙጠሊብ፣ ልጅህ አንድ ጀልባ ለሁለት ሰነጠቀች" አለኝ። እኔ ሳቅኩ፣ ሳብሪን አልሳቀችም። "አሚ ባፈና፣ አንተ መስመሩን ብቻ ተከተልልኝ" አለችው፣ በሱ ዓረብኛ አጎቴ ማለቷ ነው። ሽማግሌው እየተነጫነጨ ኮምፔንሳቶውን መጋዝ ጀመረ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኩ በሆዴ።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

እግሮቹ ቆመዋል፣ ቀለም ብቻ ቀረ። አማሩ ልበል? አማሩ።

ዛሬ የሸራውን ንድፍ ሰጠችኝ። ፈረንሳዩ ትቶላት የሄደ ነጭ ስስ የጀልባ ጨርቅ አላት። "ካንተ በላይ ማን ይሰፋዋል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ደስ ሲለኝ እንዳታየኝ ክር የምፈልግ መሰልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ጨርቁን ቆረጥኩ። ስድስት ወርድ፣ እርስ በርስ የሚሰፋ። ንድፉ ላይ መገጣጠሚያዎቹ ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል። እጇ ተንቀጥቅጦባት ነው መሰለኝ... በእርሳስ፣ ያለ ማስመሪያ፣ ምናልባት ሩዙን እየበላች። ማስመሪያዬን አውጥቼ አምስቱንም መስመር ቀጥ አደረግኩላት። አልነገርኳትም። ልጅን ስህተትሽ ይኸው እያሉ ማሳቀቅ ምን ይሠራል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሸራው አለቀ። ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ሱቁ ፊት ለፊት አራት ሾፌሮች ጫፍ ጫፉን ይዘው ወጠሩልኝ፣ ግድግዳ ሆነ። አንዱ በጣቱ መታው፣ ድም አለ።

ሳብሪን መጣች። ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። ብዙ ቆየች። "ስፌቱ ያምራል አባ" አለች። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ጠቅልላ ተሸክማው ሄደች። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር... ምን እንደጠበቅኩ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ዓረፋ። በግ አረድን፣ ጎረቤት በላ። ሳብሪን ትንሽ ቀምሳ ተኛች። አሞሽ ነው? "ደክሞኝ ነው።"

ዓርብ፣ ኅዳር 25

ጉድ ፈላ።

ጀልባው አልሄደም። ተንሳፈፈ፣ መንሳፈፉንስ ተንሳፈፈ። ሳብሪን ወጣች፣ ምሰሶው ላይ የኔ ሸራ ተሰቀለ፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ነፋሱ ከባሕር ለስለስ ብሎ ይመጣል። ጀልባው ትንሽ ወደፊት ሄድ አለና... ወደ ጎን። እንደገና ሞከረች። እንደገና ወደ ጎን፣ ተመልሶ አሸዋው ላይ። አምስት ጊዜ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ያያል። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ፣ ዞሬ አላየሁትም።

ባፈና "እግሮቹ ቀጥነዋል፣ ብዬ ነበር" አለ። ዘይድ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፣ ያ ነው የባሰው። "ግድ የለም ሳብሪን። ምሰሶውን አንስተን ጣራ እንሠራበታለን፣ ገመድ አስረን ውሃው ላይ ሰው ይቀመጥበት።" ልጄ ጀልባ ሠርታ አግዳሚ ወንበር ሆነባት።

ሽቲዋ እስከ ወገቧ ርሷል። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 26

ምሳ ላይ "አጎቴ ይደውልላቸው፣ እገባለሁ" አለች። ከይረዲን ደወለ። የሚመጣው ቅዳሜ ትጀምራለች፣ ታኅሣሥ 3። ባፈና ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሰሶውን ይቆርጣል።

የፈለግኩት ሆነ አይደል? ታዲያ ምሳውን ትቼ ለምን ተነሳሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29

ዋለልኝ ከመንገድ ገባ። የድሮ ደንበኛዬ ነው፣ ጎንደሬ፣ ወሬ ሲጀምር ሞተር አያጠፋም። "ጋሼ፣ ሞቼ ነበር" አለኝ። ሸራው መንገድ ላይ ተቀዶበት እዚያው ለአንድ ሰፊ ይሰጠዋል። ሰውየው ልል አድርጎ ይሰፋለታል። ባዶ መኪና ሲነዳ ሜዳው ላይ ነፋስ ይገባበትና ሸራው ሆድ ያወጣል። "መኪናውን ይጎትተዋል እኮ ጋሼ። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ እሱ ከመንገድ ያወጣኛል። ሌላ ሞተር የተገጠመልኝ ነው የመሰለኝ።"

እኔም የለመድኩትን ስብከት ጀመርኩ። ዋለልኝ፣ ሆድ ያለው ሸራ ይጎትታል፣ ለዚህ ነው እኔ ቀጥ የማደርገው፣ የኔ ሸራ ምንም አይጎት... አፌ ላይ ቀረ።

የኔ ሸራ ምንም አይጎትትም።

ዋለልኝን ትቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ንድፏን አወጣሁ። ከኔ ማስመሪያ ሥር የሷ እርሳስ አሁንም ይታያል። አምስቱም መስመር ጎብጧል፣ አምስቱም እኩል፣ ዳር ዳሩ ገባ ብሎ መሃሉ ወጣ ብሎ። የሚንቀጠቀጥ እጅ አምስት ጊዜ እኩል ይንቀጠቀጣል? ልጅቷ ሆድ ያለው ሸራ ነው የሣለችው። እኔ አባቷ ሆዱን በማስመሪያ አጠፋሁት። ባፈና እንኳ፣ ያ ተነጫናጭ፣ መስመሯን ተከትሎላታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 30

አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1

ዛሬም አልነገርኳትም። ናዒማ ለቢሮው ጫማ ገዝታላት መጣች። ጥቁር፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው። ሳብሪን አደረገችው፣ ሳሎን ውስጥ ሁለቴ ተመላለሰች፣ "ልኬ ነው እማ" አለች። ናዒማ ደስ አላት። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ልጻፈው፣ ማን ያየዋል... ዝም ብል ማን ያውቃል? ንድፉ እኔ ጋ ነው። ዓርብ ምሰሶው ይቆረጣል፣ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ባሕር አይወስዳትም፣ ፀሐይ አይጠብሳትም፣ ሰው አይስቅባትም። ለሷ ብዬ ነው እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኔ ግን ሦስት ቀኑ ነው፣ ይኸው ነቅዟል። ለሷ ብዬ አይደለም። ሾፌሮቹ ፊት ምን ብዬ ልናገረው? "ሙጠሊብ ሸራ አበላሸ" የሚለውን ወሬ ካርቲየ 6 ላይ መስማት ፈርቼ ነው። እውነቱ ይሄ ነው። አፈር ያስበላኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

እፎይ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከጁምዓ በቀጥታ ወደ አሳ ወደቡ ሄድኩ። ባፈና ጀልባውን ወደ መሥሪያ ቦታው መልሶታል፣ መጋዙን ይዟል። ዘይድ ቆሟል። ሳብሪንም ራቅ ብላ ቆማለች፣ የራሷን ጀልባ ሲቆርጡት ልታይ መጥታ። ዋለልኝና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች ደግሞ አሳ ሊገዙ መጥተው ኖሯል። የፈራኋቸው ሁሉም አሉ።

"መጋዙን አስቀምጥ" አልኩት ባፈናን። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። "ልጄ የሣለችው ይሄ ነው፣ የጎበጠው። እኔ የሰፋሁት ይሄ ነው፣ ቀጥ ያለው። የተሳሳተች መስሎኝ ሳልነግራት አቀናሁት። ጀልባው ምንም አልሆነም። ሸራው ነው። ሸራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ባፈና ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ያጉረመርማል ስል መጋዙን መሬት አስቀመጠ። ሾፌሮቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ወደ ሳብሪን ዞርኩ። "ይቅር በይኝ" አልኳት። አባት ለልጁ... ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እሷ እግሯን እያየች "አውቄ ነበር አባ" አለች።

"መቼ?"

"ሱቅ ፊት የወጠራችሁት ቀን። በጣቴ ስነካው አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን አትናገሪም?"

"ሾፌሮቹ ሁሉ ቆመው እያጨበጨቡልህ፣ አባቴ የሰፋው ተበላሽቷል ልበል?"

"በኋላስ? እቤት?"

"ሁለቴ ልነግርህ መጣሁ። ማሽኑ ላይ ሆነህ ስለዚያ ሸራ ለሰው ታወራለህ... ደስ ብሎህ ነበር።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ቢሮም እኮ ሥራ ነው" አለች።

ጀልባዋን ለኔ ስም ብላ ልትተወው ነበር። በገዛ እጇ። እኔ ስሜን ይዤ ሦስት ቀን ስገላበጥ፣ እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ስሜን ይዛልኛለች። እንባዬ መጣ። አሳ ወደብ መሃል፣ ሰው ፊት። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፣ ግን እፎይ አለኝ።

ዘይድ ወደ እኛ ቀረብ አለ። "አንድ ሳምንት ይበቃችኋል?" አለ። ይበቃናል አልኩ። ናዒማ ስትሰማ "ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ አፋችሁ የሚከፈተው ስትበሉ ነው" አለችን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

ሳብሪን ትናንት ቢሮ አልሄደችም። ከይረዲን ስልክ ላይ ጮኸብኝ፣ አስጮህኩት። መብቱ ነው።

አምስቱንም ስፌት ፈታሁ። ሳብሪን አጠገቤ ወለል ላይ ተቀምጣ በኖራ ታሰምራለች። ዳርና ዳሩን ሁለት ጣት አስገባ፣ መሃሉን ተወው። ስንት ጣት? "ሁለት አባ። ሁለት ተኩል አይደለም።" ለስላሳ ነፋስ ላይ ሆድ የሌለው ሸራ ነፋሱን የሚይዝበት የለውም አለችኝ። ጨርቁን ልል አድርጌ ስሰፋ እጄ እምቢ ይላል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልማድ። ሁለቴ ሳላውቅ ወጠርኩት፣ ሁለቴም ፈታሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7

አለቀ። መሬት ላይ ሲነጠፍ አልተኛ አለ፣ መሃሉ ቆልመም ብሎ ይነሳል። በኔ ዓይን ቡትቶ ነው። ሳብሪን ሳቀች፣ ከዓረፋ በፊት ጀምሮ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ሄደ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሄደ። ያው ለስላሳ ነፋስ ነው። ሸራው ተሰቀለ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዱ ሞላ። ጀልባው የነፋሱን ጎን ይዞ ወጣ፣ ወደ ጎን ይመለሳል ስል... አልተመለሰም። እየራቀ፣ እየራቀ፣ ስሉን ድንጋይ በላዩ አለፈው። ዞረች፣ ተመለሰች፣ አሸዋው ላይ ቀስ ብላ አወጣችው። ባፈና "እግሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ" እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል።

ከዚያ ናዒማ ተነሳች። ናዒማ። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ኖራ እግሯን ባሕር ውስጥ ነክራ የማታውቀው። የዘይድን ወጥ ሠሪ ፋጤን እጇን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ሁለቱም ሽቲያቸውን ሰብስበው ወጡና መሃል ተቀመጡ። የደገፋቸው ወንድ የለም። ሲመለሱ ሁለቱ ሆነው ከሳብሪን ጋር ጎትተው ከውሃ አወጡት። "አንተስ?" አለችኝ ናዒማ። እኔ? እኔ አሸዋው ላይ ደህና ነኝ።

ዘይድ ምሰሶው ስለሚቆረጥበት ነገር ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛ ጀልባ መቼ እንደሚደርስ ነው የጠየቀው።

ዛሬ በደንብ እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 12

ከወር በላይ አልጻፍኩም። ሥራ በዛ። የመጋዘኑን ወንበር ለሌላ ሰው ሰጡት፣ ከይረዲንም አኩርፎ ጨርሷል፣ ባለፈው ዓርብ ልጆቹን ይዞ ጀልባው ላይ ነበር። ሁለተኛው ጀልባ ባፈና ዘንድ እየተሠራ ነው። ሳብሪን ከሱቄ ጥግ ጠረጴዛ ይዛለች።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሙሉ ነበር። ሾፌሮች፣ የሾፌር ረዳቶች፣ ዋለልኝም አለ። የአንዱን ሸራ ጨርሼ ወጥሬ እያሳየኋቸው ነው፣ ማሞገሱም ተጀምሯል። ሳብሪን ሜትሯን ይዛ ስታልፍ ቆመች። ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው፣ መሃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"አባ" አለች፣ ሁሉም እየሰማ፣ "እዚህ ጋ ጠሟል።"

ዋለልኝ ጣራ ጣራ ያያል። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። እውነትም ጠሟል፣ አንድ ጣት ያህል።

"ጎሽ ልጄ" አልኳት። መቀሱን አነሳሁና ቁጭ ብዬ ፈታሁት። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስፌት ፈትቼ አላውቅም።